ለጋሽ ታምራት ሥዕሎች የሠራሁት መብራት

ሥራ የጀመርኩት ዙሪክ፣ አልትሽቴተን ሰፈር ባለው የድርጅታችን መጋዘን ነው። ድርጅቱ ለሙዚየሞች ሥዕል ይሰቅላል፤ መብራትም ያስተካክላል። በመጀመሪያው ቀን አለቃዬ ሩት ውሃ ልክ፣ ጓንትና የብርሃን መለኪያ ሰጠችኝና፣ «መብራት ቀለም ይበላል። ከተበላ በኋላ መመለሻ የለውም» አለችኝ። ስለ ሥዕል የማውቀው ነገር አልነበረም።

ጥቂት ዓመታት መሰላል ያዝኩ። መብራት አስተካካይ ስሆን ጄኔቭ ወዳለ አንድ ሙዚየም ላኩኝ።

እዚያ የጠበቀኝ የአንድ ኢምፕሬሽኒስት ሠዓሊ ሥራ ነበር፤ ዝናብ ያባራበት የፓሪስ ጎዳና። ቀረብ ብዬ ሳየው ጭቃ ነው። ሰው የተባለው ጥቁር ነጥብ፣ ሠረገላ የተባለው ሁለት ሦስት ጭረት። መሰላሉ ላይ ሆኜ በአማርኛ ሳጉረመርም የአዳራሹ ጠባቂ ሰሙኝ።

«ውረጅና ራቅ በይ፣ ልጄ» አሉኝ በዚያው በአማርኛ።

ራቅ አልኩ። ጎዳናው ረጠበ። ሰማዩ የድንጋይ ንጣፉ ላይ ተኛ።

«ቤቶቹን አይደለም የሳለው» አሉ። «በእሱና በቤቶቹ መካከል ያለውን አየር ነው።»

ጋሽ ታምራት ይባላሉ። አዲስ አበባ ሥዕል ያስተምሩ ነበር። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ታስረው ሲፈቱ ተሰደዱ። ጄኔቭ ዳር፣ ኦኔ በሚባል ሰፈር ከሚኖሩበት ፎቅ መስኮት ሆነው ያንኑ ከተማ በበረዶ፣ በዝናብ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ይስላሉ። ጄኔቭ ለሥራ በሄድኩ ቁጥር ቤታቸው ጎራ እል ነበር።

አንድ የሰኔ ጠዋት ስደርስ ሸራው ላይ ግራጫ ብቻ አገኘሁ። ጣራዎቹ ጠፍተዋል፤ ዳር ዳሩ ጠቁሯል።

«ዘንድሮ ጭጋጉ አልለቅ አለ» አሉኝ ብሩሻቸውን እየጠረጉ።

በመስኮቱ አየሁ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ተራራው ሳይቀር ይታያል።

«ጋሼ፣ ጭጋግ የለም።»

«የለም?»

«የለም። ፀሐይ ነው።»

ብሩሹን አስቀመጡ። «ሌሎቹስ? ግድግዳው ላይ ያሉት?» አሉ።

ዞሬ አየሁ። በረዶው ከቀለጠ ወዲህ የሳሏቸው ሁሉ እንደዚያው ነበሩ። ነገርኳቸው።

ሐኪም ዘንድ አብሬያቸው ሄድኩ። ግላኮማ የሚባለው የዓይን ሕመም ነበር። ሐኪሟ፣ «የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ለማቆየት እንሞክራለን» አለች። የቀረውም አልቆየም። መጀመሪያ ጥበቃውን፣ ከዚያ ብሩሹን ተዉ።

ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ ዙሪክ፣ ኦርሊኮን ሰፈር ያለ አንድ ትንሽ አዳራሽ ሥዕሎቻቸውን ለማሳየት ጠየቀ። መብራቱን እኔ ሠራሁ። የአዳራሹ ኃላፊ የመጨረሻዎቹን አይቶ፣ «እነዚህ ጨልመዋል፤ መብራት ጨምሪባቸው» አለኝ። ጨመርኩ። እውነትም ግራጫው ብር መሰለ።

ጋሽ ታምራት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሰውዬው ያለውን ተረጎምኩላቸው።

«አሁን ምን ይመስላሉ?»

«ያምራሉ፣ ጋሼ። የጠዋት ጭጋግ ይመስላሉ።»

«ቀንሺው እንግዲያው። ከተማዋ እየጠፋችብኝ ነው የሳልኳት። ምኑ ነው የሚያምረው?»

ቀነስኩት። ኃላፊው ተቆጣ። ተመልካቾችም፣ «አይታይም እኮ» እያሉ አለፉ። ጋሽ ታምራት ይህን ሁሉ እየሰሙ እስኪዘጋ ድረስ ከወንበሩ አልተነሱም። ዓመት ሳይሞላ አረፉ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አዳራሽ አብርቻለሁ። ለአዳዲስ ሠራተኞች የምነግራቸው ይህን ነው፦ መብራት ሥዕል ለማሳመር አይደለም። ሠዓሊው ያየውን ያህል ካሳየ ይበቃል።