አንድ ቆስጣ በሁለት ከረጢት

ወይዘሮ አጸደ አስኮ ወንዝ ዳር ሃያ ሁለት ዓመት አትክልት ሲያለሙ ዓይናቸው ያላየውን ነገር በቀላሉ አምነው አያውቁም። የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ሄኒ አንድ ማለዳ መጥታ፣ «እትዬ፣ አፈርዎ ውስጥ ካድሚየም የሚባል ብረት እንዳለ እንመርምር» ስትላቸው፣ አፈር ዘግነው አሸተቱ።

«ብረት ከሆነ የታለ?»

«አይታይም፣ አይሸትም፤ የላቦራቶሪ ማሽን ብቻ ነው የሚያየው። ከፋብሪካ ፍሳሽና ከተጣለ ባትሪ ይመጣል። ቅጠላ ቅጠል ይስበዋል። ሰው ለዓመታት ሲበላው ኩላሊቱን ይጎዳዋል።»

«ቢቀቀልስ?»

«አይለቅም።»

የማይታይን ነገር አየሁ የሚል ማሽን እንዴት ይታመናል? ነገሩ ሲከነክናቸው ዋለ። ሄኒ አፈሩን ራሷ ወስዳ፣ ከስድስቱ መደብ ቅጠል ቆርጠው፣ ቁጥር ጽፈው እንዲያመጡላት ከረጢት ትታላቸው ነበር። እሳቸው አጥሩ ሥር ካለው ከሦስተኛው መደብ የቆረጡትን ቆስጣ ለሁለት ከፈሉና አንዱን «ሦስት»፣ ሌላውን «ሰባት» ብለው ጻፉበት።

ባለቤታቸው አቶ ዱባለ አይተው፣ «ምን ልትሠሪ ነው?» አሉ።

«ውሸታም ከሆነች እይዛታለሁ።»

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሄኒ ውጤቱን ይዛ መጣች። «ሦስትና ሰባት ከሚፈቀደው በላይ ናቸው። ቁጥራቸውም እኩል ነው ማለት ይቻላል። ግን እትዬ፣ ሰባተኛው መደብ የታለ?»

ወይዘሮ አጸደ ሊስቁ ከጀሉና ሳቁ አፋቸው ላይ ደረቀ። ማሽኑ አልዋሸም። ልጆቻቸውን ያሳደጉት ከዚያ መደብ እየቀነጠሱ ነው። የሠሩትን ሁሉ ተናዘዙ።

ሄኒ አልተቀየመችም። «እኛም ራሳችንን የምንፈትነው እንዲሁ ነው። ማን አስተማረዎት?»

«ጥርጣሬ ነዋ! አሁን ደግሞ ለምን ሦስተኛው ብቻ እንደሆነ ንገሪኝ።»

ሄኒ አላወቀችም። እሳቸው ግን አጥሩን ተከትለው ሄደው፣ ድሮ ብረት በኬሚካል እየተነከረ የሚለበጥበት ወርክሾፕ የነበረበትን ግቢ አሳዩዋት። ክረምት ክረምት ጎርፉ ከዚያ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኮ የሚያርፈው ሦስተኛው መደብ ላይ ነው። ከቀዳዳው ሥር የተወሰደው አፈር ሲመረመር ከሁሉም ባሰ።

ወይዘሮ አጸደ ቆስጣውን በእጃቸው ነቀሉት። ጎረቤታቸው ወዬሳ ለበጎቹ ሲለምናቸው፣ «በግ ኩላሊት የለውም?» ብለው ከለከሉት። ጎርፉን የሚመልስ ቦይ አስቆፈሩ፤ መደቡ ላይ የሚሸጥ አበባ ተከሉ።

ወዬሳ ለሁለት ሳምንት አኮረፈ። ከዚያ አንድ ጠዋት ከራሱ ማሳ የቆረጠውን ሰላጣ ይዞ በራቸውን አንኳኳ።

«እትዬ፣ ያቺ ልጅ መቼ ነው የምትመጣው?»