ነጭ በር ላይ ጥቁር እጀታ

በእኛ አገር ካህን ወደ መኪና ሲጠጋ በሩን ከፍቶ ማስገባት በረከት ነው። ለመኪናው ባለቤት ከዚህ በረከት የሚደርሰው ግን የተሰበረ እጀታ ነው። አባቴ ቄስ ናቸው፤ ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው። እሑድ እሑድና በበዓል ቀን በነጯ ፒካፔ ወደ ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን አደርሳቸዋለሁ። ከቤት ሲወጡ መንገድ ላይ ያለው ሁሉ ወደ ጋቢናው በር ይሽቀዳደማል። እኔ ከውስጥ ቁልፉን ሳላነሳ አንዱ ይጎትታል፣ ሌላው እጁን በእሱ እጅ ላይ ደርቦ ያግዘዋል። አንድ እሑድ ማለዳ ሁለት ጎረቤቶቼ እንዲህ ሲታገሉ እጀታው ቀጭ ብሎ መዳፋቸው ላይ ቀረ። አንደኛው ስባሪውን በሁለት እጁ አክብሮ አቀበለኝና «ድሮም ላልቶ ነበር» አለኝ። ከአያያዝ ይቀደዳል የሚለውን ተረት ልጆቹን ሲመክርበት ስንቴ ሰምቼዋለሁ።

አባቴ ይህን ሽቅድምድም አይወዱትም። ዕድሜያቸውን ሙሉ በእግራቸው ተመላልሰው አገልግለዋል፤ መኪና የለመዱት ጉልበታቸው ከደከመ ወዲህ ነው። «በሩን ራሴ ከፍቼ ስገባ ሄድኩ ይባላል። ሲከፍቱልኝ ግን ተጫንኩ ነው» ይላሉ። እጀታው ከተሰበረ በኋላ እኔ ከመሪው ወዲያ ተንጠራርቼ ከውስጥ ስከፍትላቸው ከንፈራቸውን ገጥመው ገቡ። በሚቀጥለው እሑድ ግን ጋቢያቸውን ደርበው ደጃፍ ላይ ተቀመጡና ጸሎታቸውን እቤት እንደሚያደርሱ ነገሩኝ። ይህ ነው ያንገበገበኝ። ዝናብና ብርድ ያላስቀራቸውን ሰው አንድ ቁራጭ ፕላስቲክ ሊያስቀራቸው!

እዚሁ ላሊበላ ያለው መካኒክ ከወደቀ መኪና ላይ የተፈታ ጥቁር እጀታ «ለጊዜው ይሁንህ» ብሎ ገጠመልኝ። አባቴ ያንን እጀታ ራሳቸው ይዘው፣ ራሳቸው ከፍተው ገቡ፤ ወደ ቤተ ክርስቲያናቸውም ተመለሱ። የእኔ ዓይን ግን ከእጀታው አልነቀል አለ። መላዋ ነጭ በሆነች መኪና ላይ ያ ጥቁር ነገር እንደተበላ ጥርስ ይታያል። እህል ልጭን ኮን ገበያ ስሄድ ደላሎቹ ይስቁብኛል። ከሁሉም በላይ ደግሞ እንደ አባቴ ያለ የተከበረ ሰው በተጣፈ በር መግባቱን ጠላሁት። ስለዚህ ነጩን መፈለግ ጀመርኩ።

አዲስ አበባ ላለ የመለዋወጫ ነጋዴ ፎቶ አንስቼ ላክሁለት፤ የቀኝ በር ነው ብዬም ደጋግሜ ነገርሁት። በአውቶቡስ የላከልኝ የግራውን ነው። ደውዬ ስነግረው ገልብጬ እንድሞክረው መከረኝ። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ የቀኙን ላከ፤ እሱ ደግሞ ነጭ ሳይሆን የለጋ ቅቤ መልክ ያለው ሆነ። እንደገና ደወልሁ።

«ላሊበላ አይደል ያለኸው?» አለኝ። «ግድ የለህም፣ አቧራው ያመሳስለዋል።»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። እኛ ቀለም የማንለይ፣ ዓይናችን አቧራ የሞላ ሰዎች ነን ማለት ነው! እንኳን ነጭና ቅቤን፣ ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለውን ግድግዳ የጠዋት መልኩን ከማታው የምንለይ ሰዎች።

ወልድያ ወርጄ ቀለም ያልተቀባ እጀታ አገኘሁ። ቀለም ቀቢው ቆርቆሮውን አንስቶ ሊቀባልኝ ሲል የትኛው ነጭ እንደሆነ ጠየቅሁት። «ነጭ ያው ነጭ ነው» አለ። አዲስ ነጠላና ታጥቦ የደረቀ ነጠላ ጎን ለጎን አስጥቶ የማያውቅ ሰው እንዲህ ይላል። እኔም ነገር ሳላበዛ የነዳጅ መክደኛዋን ከመኪናዬ ላይ ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለትና ከዚህ ጋር እስኪገጥም ድረስ ከፊቱ እንደማልነሳ ነገርኩት። እያጉረመረመ ጥቂት ግራጫ ጨመረ፣ ጥቂት ቢጫ ጨመረ፣ እየቀባ አደረቀ፣ እያደረቀ አስተያየ። በመጨረሻ ሁለቱን ስደርባቸው የቱ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም ነበር።

ቅዳሜ ገጠምኩት። እሑድ ማለዳ እየተኩራራሁ መሪው ኋላ ተቀመጥኩና ቁልፉን ቀድሜ ከፈትኩ። አባቴ መቋሚያቸውን በግራ ይዘው መጡ፤ ቀኝ እጃቸውን ወደ በሩ ዘረጉ። መዳፋቸው ከመስኮቱ ሥር ጀምሮ ወረደ፣ እጀታውን በጥቂት አልፎት ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና አለፈው። የተቆለፈ መስሏቸው ነው ብዬ «ክፍት ነው፣ አባባ፣ ይሳቡት» አልኳቸው። ይሄን ጊዜ ያ ስባሪውን ያቀበለኝ ጎረቤቴ ከየት እንደመጣ ሳላየው ሮጦ ከፈተላቸው። አባቴ እጃቸውን ሰብስበው ገቡ።

ቁልቁለቱን ስንጨርስ ፊታቸውን ወደ መንገዱ እንዳደረጉ፣

«ጥቁሩን ጣልከው?» አሉኝ።

«አልጣልኩትም፣ ከመቀመጫው ሥር አለ። ምነው?»

«እሱን አየው ነበር።»

ዜማውን በቃላቸው ስለሚሉት፣ መጽሐፉ ፊታቸው ተዘርግቶ ሲቆሙ እያነበቡ ይሁን ሳያነቡ ማን ይለያል? ዓይናቸው መድከሙን እኔ ልጃቸው እንኳ አልለየሁም። መሪውን ጨብጬ በማን እንደምቆጣ አጣሁ። በነጋዴው እንዳልቆጣ የቅቤ መልክ ያለውን ያመጣ እሱ ነው፤ ያንን ገጥሜ ቀርቼ ቢሆን ቢያንስ ከነጩ ይለይላቸው ነበር።

እሳቸው ቅዳሴ ላይ ሳሉ መኪናዬን ጥላ ሥር አቁሜ ነጩን ፈታሁ፤ ጥቁሩን መለስኩ። ቅዳሴው አልቆ ሲወጡ አንድ ምእመን እንደ ልማዱ ወደ በሩ ሮጠ። ወርጄ ክንዱን ያዝኩት።

«ተው። ራሳቸው ይከፍቱታል።»

ሰውየው ባለጌ ነው ብሎ እንደታዘበኝ ከፊቱ ገባኝ፤ ይታዘበኝ። አባቴ ቀስ ብለው መጡ፣ እጃቸውን ዘረጉ፣ አንዴም ሳይዳብሱ ጥቁሩን ይዘው ሳቡት።

ዛሬም ኮን ገበያ ላይ ደላሎቹ ያንን በር እያዩ «እስካሁን ነጭ አጣህለት?» ይሉኛል። አዎ፣ አጣሁ እላቸዋለሁ።