ሕፃኑ አልቅሷል ወይ?

የአርዶክን ሸለቆ ልጆች ስትቀበል ያረጀችው አዋላጅ ቤቶክ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ በዳኛ ፊት ቆማ ለመማል በቅዱሳን አፅም ላይ እጇን ጫነች። የአርዶክ የኤርልነት፣ ማለትም የአገር ገዥነት፣ ማዕረግ ከአያት ከቅድመ አያት የወረደላት እመቤት በወሊድ ሞታለች፤ ሕፃኗም አብሯት ተቀብሯል። በስኮትላንድ ልማድ ሕፃኑ ተወልዶ ለቅሶው ከተሰማ፣ ወዲያው ቢሞትም እንኳ፣ ባልየው ሰር ራኑልፍ ማዕረጉንና መሬቱን ዕድሜ ልኩን ይይዛል። ካልተሰማ ሁሉም ለእመቤቲቱ አጎት ያልፋል።

ይህ ራኑልፍ ከዓመታት በፊት የቤቶክን አንድያ ልጅ አጋዘኔን ገደለብኝ ብሎ የሰቀለ ሰው ነው።

«እማማ፣ ሕፃኑ አልቅሷል ወይ?» አለ ዳኛው።

«አፉን ከፈተ፣ እጁን አንቀሳቀሰ። ድምፅ ግን አልወጣውም።»

«ትዋሻለች! ይቺ ክፉ አሮጊት ቂሟን ልትወጣብኝ ነው!» ብሎ ራኑልፍ ጮኸ።

«ቂሙስ አለኝ ጌታዬ፤ መች ደበቅኩት? የኔ ልጅ ገመዱን አንገቱ ላይ ስታጠልቅበት ሲያለቅስ አገር ሰምቷል። ያንተው ግን አላለቀሰም።»

አብረዋት ያዋለዱት ሁለት ሴቶችም እንደ እሷው ማሉ። ዳኛው ለአጎትየው ፈረደ፤ ራኑልፍም በዚያው ሳምንት የአርዶክን ግንብ ለቆ ሄደ። ቤቶክ መንገድ ዳር ቆማ ፈረሱ ከዓይኗ እስኪሰወር አየችው፤ ቅንጣት አላዘነችለትም። ለበቀሏ ውሸት ስላላስፈለጋት ግን ፈጣሪዋን አመሰገነች።