ሐማማችንን ያየው ሰው

የባሌ እህት ሉይዛ እዚሁ ኮንስታንቲን ከተማ የሙሽራ ቀሚስ በወርቅ ክር የምትጠልፍ ዝምተኛ ሴት ናት። ሐሙስ ሐሙስ የሴቶች ሐማም፣ የእንፋሎት መታጠቢያው ቤት ገብተን ስንታጠብ፣ እኛ ባሎቻችንን ስንቦጭቅ እሷ ፈገግ ብላ ታዳምጣለች።

ዘንድሮ መሱድ የሚባል ደራሲ ልብ ወለድ አወጣ። ሳነበው ክው አልኩ! የእኛው ሐማም፣ የእኛው ሐሜት፣ እዚያ ጀርባችንን የምታሸን ሴትዮ እርግማን ሳይቀር ቁጭ ብሏል።

ጉድ ፈላ። የሰፈሩ ወንዶች ሐማሙ ጣራ ላይ ወጥተው ቀዳዳ ሲፈልጉ ዋሉ። ባሌ ቡጀማ ዱላውን እንደያዘ ቤት ገባና፣ «ይሄ ውሻ በየት በኩል ነው ሴቶቻችንን ያየው? አንገቱን ነው የምቆርጠው!» እያለ ጮኸ።

ጥግ ላይ ተቀምጣ ስትጠልፍ የነበረችው ሉይዛ መርፌዋን አስቀመጠች።

«ጣራውን አታፍርሱት፣ ወንድምዬ። መሱድ የሚባል ሰው የለም። የጻፍኩት እኔ ነኝ። የወንድ ስም የለጠፍኩበት አንተን ፈርቼ ነው።»

ዱላው ከእጁ ወደቀ። እኔ ሞኟ እፎይ አልኩ። ለካ ማንም ወንድ ራቁታችንን አላየንም! ባሌም ደስ የሚለው መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁት።

ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምነው» አለ፣ «እህቴ ደራሲ ከምትሆን ምነው ያያችሁ ሰው ወንድ በሆነ!»