«ጫፎቹስ?» ያሉኝ ቲቸር ዘውዱ

ውሸት ነው በሉኝ። እባካችሁ አንድ ሰው ውሸት ነው ይበለኝ።

ጠዋት የክፍል ጓደኛዬ ከመንዝ ሞላሌ ደውሎ «ቲቸር ዘውዱ አረፉ» ሲለኝ «የትኛው ዘውዱ?» አልኩት። ሌላ ቲቸር ዘውዱ ያለን ይመስል!

የሃይስኩል የባዮሎጂ አስተማሪያችን ነበሩ። ቀብራቸው ዛሬ ስምንት ሰዓት ነው። እኔ አዲስ አበባ፣ መናኸሪያ ቁጭ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። የሞላሌ መኪና ገና ጎህ ሲቀድ ወጥቷል። በምንም ተአምር አልደርስም። ሰው መሐል እያለቀስኩ ነው፣ ግድም የለኝም።

ስለሳቸው ልንገራችሁ፤ ዝም ካልኩ ልቤ ይፈነዳል።

በኛ ጊዜ የምንማረው በፕላዝማ ነበር። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው አስተማሪ እንግሊዝኛውን ያንበለብለዋል፣ እኛ አፋችንን ከፍተን እናያለን። መብራት ሲጠፋ ቲቸር ዘውዱ ጠመኔ አንስተው «በሉ፣ አሁን ደግሞ ሰው ያስተምራችሁ» ይሉናል። መብራት እንዲጠፋ የምንጸልይ ልጆች ነበርን።

አንድ መስከረም ከክረምት ኮርስ ሲመለሱ የታተመች ስዕል ይዘው መጡ። የአንድ ፕሮቲን ቅርጽ ናት። ሁላችንም ውስጥ ያለ ትንሽ ፕሮቲን ነው አሉን፤ ሰውነታችን ሌላ ፕሮቲን ሊሠራ ሲነሳ፣ ትእዛዙ ከየት ጀምሮ እንደሚነበብ ለማግኘት ያግዛል። «ይሄ በወረቀት አይገባችሁም፣ በእጅ እንሥራው» ብለው የበግ ጠጉር አምጡ አሉን። የበግ ጠጉር መንዝ ውስጥ መቼ ቸግሮ ያውቃል! እናቴ የፈተለችውን ነጭ ክር ወሰድኩላቸው።

ሽቦ ላይ ሲጠመጥሙት ሦስት ቀን ፈጀባቸው። ገበያ የሚሄዱ ሴቶች በመስኮት አይተዋቸው «ኧረ ቲቸርም ፈታይ ሆኑ!» ብለው ሳቁ። «ምን ላድርግ፣ ሚስቴ እምቢ አለችኝ!» አሏቸው።

መሐሉ ጥቅልል ብሎ ትንሽ በርሜል መሰለ። ከሁለት ወገን ግን ረጃጅም ክሮች እንዲሁ ተንጠልጥለው ቀሩ።

ከወረዳ ጎብኚ ሊመጣ ነው ተባለና ክፍሉን እንዳጸዳ ታዘዝኩ። እኛ ቤት ባና፣ ያ የበግ ጠጉር ብርድ ልብሳችን ማለቴ ነው፣ ክሩ እንደተንጠለጠለ ከቤት ከወጣ እናቴ አፍራ ሰው ፊት አትቆምም። እኔም ምላጭ አነሳሁና ሁለቱንም ጫፎች ቆረጥኳቸው። አሳመርኩ ብዬ!

ቲቸር ገብተው አዩት። ዱላ ነበር የጠበቅኩት። ወንበር ስበው ቁጭ አሉ።

«ምነው ልጄ፣ ለምን ቆረጥሽው?»

«ቅርጽ የለውማ፣ ቲቸር።»

«ቅርጽ የለውም ማለት ሥራ የለውም ማለት አይደለም!»

ይህቺን ቃል ከዚያ ወዲያ ስንቴ ሰማኋት። አስረኛ ክፍል ወድቆ ቤቱ የተቀመጠውን ልጅ ሄደው ሲያወጡት የነገሩት ይህንኑ ነው። እኔንም ምን እንደምሆን ጠፍቶኝ ሳለቅስ ይህንኑ ነው ያሉኝ።

ከጥቁር በግ ጠጉር ሁለት ክር ፈትዬ ካስኳቸው፣ እሳቸው በጃቸው ቋጠሯቸው። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ያንን የክር ሥራቸውን ለኔ ሰጡኝ። «ጫፎቹ ምን እንደሚሠሩ እኔ አላውቅም። አንቺ ደርሰሽበት ትነግሪኛለሽ» አሉ።

ደረስኩበት። ማስተርሴን የምሠራው በዚሁ ፕሮቲን ነው፤ መልሱን ካወቅኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ፊት ለፊት ልነግራቸው ፈልጌ ለፋሲካ እሄዳለሁ አልኩ፤ ፋሲካ አለፈ። ለመስቀል አልኩ፤ መስቀልም አለፈ። ባለፈው ሳምንት ሦስት ጊዜ ደወሉልኝ። ላቦራቶሪ ውስጥ ነበርኩ፣ አላነሳሁም። ከዚያ «ጫፎቹስ?» የሚል መልእክት ብቻ ላኩ። «ነገ እደውላለሁ ቲቸር» ብዬ መለስኩላቸው።

መታመማቸውን አላወቅኩም! ዛሬ ነው የሰማሁት፤ የሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነው ነው የጻፉልኝ። እኔ ደግሞ በማግስቱም አልደወልኩም።

ቲቸር፣ ይስሙኝ። አሁን ልንገርዎ። አንደኛው ጫፍ ንባቡ ያለ ቦታው እንዳይጀመር «ቆይ፣ ገና ነው፣ ፈልግ» የሚል ነው። ሌላኛው መነሻው ሲገኝ «እዚህ ነው፣ ጀምር» የሚል ነው። አንዱ እንኳ ቢጎድል ሥራው ይበላሻል። እኔ «ቆይ» የሚለውን ብቻ ይዤ ኖርኩ። አስጠበቅኩዎት፣ ቲቸር። እርስዎን አስጠበቅኩ።

ሥራዎ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ቋጠሮዎ አልላላም። ነገ በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ፤ መቃብርዎ አጠገብ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ከመጀመሪያው እነግርዎታለሁ። ደህና ይሁኑ፣ ቲቸርዬ። ስልኬን በእጄ ይዣለሁ። አንዴ ብቻ ቢደውሉልኝ፣ ገና ሳይጠራ ነበር የማነሳው።