«ስንት ቀፎ አለህ?»

የዶክትሬት ጥናቴ ንቦች በዓይናቸው እያዩ ቤታቸውን እንዴት እንደሚያገኙ ነው። ስለሱ የጠየቀኝን ሰው እስኪያዛጋ ድረስ አልለቀውም።

በጦርነቱ ሰሞን፣ ስልክ ተቋርጦ ሳለ፣ ከሐይቅ ከተማ ወደ አምባሰል ስወጣ አንድ ሽማግሌ ሚሊሻ ኬላው ላይ አስቆሙኝ።

«ወዴት ነው፣ የኔ ጌታ?»

«ቀፎዎቼን ላይ።»

«ስንት ቀፎ አለህ?»

«ሃያ ይሆናሉ። ገደሉ ሥር ነው ያስቀመጥኳቸው።»

«ሃያ! ምን ታደርግባቸዋለህ?»

ደረቴን ነፋሁ። «ማን እንደወጣ፣ ማን እንደገባ በካሜራ እቀርጻለሁ። ኔትወርክ ሲመለስ ውጭ አገር ላለው አማካሪዬ እልካለሁ።»

«ያ ረቢ! ሃያ ሞባይል!» ብለው ጠመንጃቸውን አቀባበሉ።

ለካ እኔ የንብ ቀፎ ስል እሳቸው የስልክ ቀፎ ነው የሰሙት! «አብሽሩ አባባ፣ የንብ ነው» ብዬ ብምል ብገዘት ማን ሰምቶኝ። ፊት ፊታቸው እያስኬዱ ገደሉ ሥር አደረሱኝ።

በየቀለሙ የተቀቡት ቀፎዎች ተደርድረዋል። እኔም ነገሬን ላሳምን ብዬ ሰማያዊውንና ቢጫውን ቦታ አለዋወጥኳቸው። ጀርባቸው ላይ ሰማያዊ ነጥብ ያደረግሁባቸው የሰማያዊው ቀፎ ንቦች ከሐይቁ በኩል መጡ፤ ትንሽ አንዣበቡና ሰማያዊውን ቀፎ ለይተው ጥልቅ አሉ። አማካሪዬ ፊት እንኳ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

ሽማግሌው ጠመንጃቸውን ትከሻቸው ላይ መልሰው ሲያዩ ቆዩና፣

«ወላሂ፣» አሉኝ፣ «ኔትወርክ ከጠፋ ወዲህ የሚሠራ ቀፎ ያየሁት ዛሬ ነው!»