ውሃ ያልገባበት ቤት

አዲስ አበባ ታጥባ የደፋችው ሁሉ በእኛ ጓሮ ያልፍ ነበር። ያደግኩት አቃቂ ወንዝ ዳር ነው፤ ከከተማው በታች፣ ከማንም በታች። ወንዙ በበጋ ይሸታል፣ በክረምት ቤት ድረስ ይመጣል። ቤቱ የቀበሌ ስለሆነ አይሸጥም፤ ወንዝ ዳር ስለሆነ አታድሱ ይሉናል። ለቅቀን እንዳንወጣ መግቢያ የለንም። ያንን ወንዝ ዛሬም አልወደውም።

አባቴ የብረታ ብረት ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ እጁ ያረፈበት ነገር አይላላም። ሐምሌ ሲገባ ማዳበሪያ በአሸዋ እየሞላ በሩንና ጓሮውን ዙሪያውን ይገድባል። ጎረቤቶቻችን «ጋሼ፣ ግድቡ መቼ ይመረቃል?» እያሉ ይቀልዱበታል።

አንድ ክረምት ወንዙ ሞልቶ ከተርታችን አንድም ቤት አልማረም፤ ከእኛ በቀር። የእኛ ምንጣፍ እንኳ አልራሰም። እናቴ ደስ ብሏት ወለሉን ሳመች።

ብዙም ሳይቆይ ወሬ መጣ። ውሃ የገባበት ሁሉ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሊሰጠው ነው፤ ኮሚቴ ቤት ለቤት ያያል፣ ጎረቤት ለጎረቤት ይመሰክራል። እናቴ ይህን ስትሰማ ጀሪካን አንስታ ወለሉ ላይ ደፋች። ከዚያ ግድግዳውን ከግርጌው በጭቃ ትለቀልቅ ጀመር፤ እኔም አገዝኳት። ከዚያ ወንዝ ዳር መውጣትን ያህል የተመኘሁት ነገር የለም።

ኮሚቴው ሲመጣ ጎረቤታችን ቀድማ «እነሱም ቤት ገብቷል! በዓይኔ አይቻለሁ!» ብላ መሰከረች። አባቴ ግን ያኔውኑ ከሥራ ደርሶ በር ላይ ቆሞ ኖሯል።

«እኔ ቤት?» አለ ተቆጥቶ። «እኔ ገድቤው? ጠብታ አልገባም!»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሰዎቹ «እንኳን ተረፋችሁ» ብለው ሄዱ። እናቴ ጭቃ በጭቃ እንደሆነች ዞር ብላ አየችው።

«እንግዲህ ኩራትህ ውስጥ ኑር» አለችው።

ክረምቱ ሲወጣ ጎረቤቶቻችን ዕቃቸውን በአይሱዙ ጭነው ሄዱ፤ ቤቶቻቸውም ፈረሱ። በተርታው እኛ ብቻ ቀረን። ማታ ማታ የሰው ሳል እንኳ አይሰማም፤ እኔ በጣም እፈራ ነበር።

በሚቀጥለው ሐምሌ አባቴ ማዳበሪያ አልሞላም። ውሃው ጓሮውን ሲነካ እናቴ «ደግ አደረግህ፤ ይግባ። ዘንድሮ እኛም እንወጣለን» አለችው።

አባቴ አቀረቀረ።

«ብሞላውም ባልሞላውም ያው ነው» አላት። «ቢገባስ፣ ገባ ብሎ የሚመሰክርልን ማን ቀረ?»

እናቴ ዝናቡ ውስጥ ወጥታ አሸዋ ትዝቅ ጀመር፤ እኔም የማዳበሪያውን አፍ ከፍቼ ያዝኩላት።